በሦስት ፊደል የሚጠራ ገጽ

በቢቸና ከተማ ለእነማይ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚገባ የፍትሐ ብሔር ክስ ራስጌውና ግርጌው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከላይ በስተቀኝ ቀኑ ይሰፍራል። ዝቅ ብሎ መሀል ላይ የፍርድ ቤቱ ስም ከነክልሉ፣ ከነዞኑ፣ ከነወረዳው ይጻፋል፤ ከሥሩ «ቢቸና» ተብሎ ይሰመርበታል። ቀጥሎ ከሳሽ፣ ቀጥሎ ተከሳሽ፣ ከየስማቸው ሥር አድራሻቸው። ክሱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 መሠረት የቀረበ መሆኑ ይገለጻል። መጨረሻ ላይ በቁጥር 223 መሠረት የማስረጃው ዝርዝር ይመጣል፤ የቀረበው ሁሉ እውነት ስለ መሆኑ በቁጥር 92 መሠረት ማረጋገጫ ይሰጥና ፊርማ ይከተላል። ሕጉ የ1958 ዓ.ም. ነው። ይህ አጻጻፍ በታይፕ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል፤ ዛሬም በየቀኑ ይደጋገማል። ከአንዱ ባለጉዳይ ወደ ሌላው የሚለዋወጠው ስሙ፣ ቀበሌው፣ ቀኑና መሀል ላይ ያለው የበደሉ ታሪክ ነው።

ይህን የማይለዋወጥ ክፍል በሦስት ፊደል የምትጠራ አንዲት ጸሐፊ ቢቸና ውስጥ አለች። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ ጠባብ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። ባዶ ገጽ ትከፍትና «ክብች» ብላ ትጽፋለች፤ ከኪቦርዱ አናት ኤፍ 3 የተባለውን ቁልፍ ትነካለች። ሦስቱ ፊደላት ይጠፉና ገጹ ከራስጌ እስከ ግርጌ ይሞላል። ከርሰሩ ግን ገጹ ያለቀበት ቦታ አይቀርም። ወደ ላይ ተመልሶ የከሳሹ ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ በግራጫ ቀለም «የከሳሽ ስም ከነአባትና ከነአያት» የሚል ማስታወሻ አለ፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ሲጻፍ ማስታወሻው ራሱ ይጠፋል። ኤፍ 11 ሲነካ ከርሰሩ ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ ይዘልላል። እጇ ከኪቦርዱ ላይ ሳይነሣ፣ ማውስ ሳትነካ፣ ባዶ ቦታዎቹ አንድ በአንድ ይሞላሉ።

እንዲህ ያለው ነገር ማክሮ ይባላል። ብዙ ምት የሚጠይቅን ሥራ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ሠርቶ በአንድ ቁልፍ ወይም በጥቂት ፊደላት እንዲጠራ ማድረግ ነው። ሐሳቡ በኮምፒውተር ዓለም አዲስ አይደለም። ኢማክስ የተባለው ታዋቂ የጽሑፍ ማረሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀመር ስሙን ራሱን ያገኘው ከዚሁ ከማክሮ ነበር። ኤፍ 3ም ወርድ በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ድሮውኑ የምህጻረ ቃል መዘርጊያ ቁልፍ ነው፤ በነፃ በሚገኘው በሊብረኦፊስም ይኸው ቁልፍ ይኸንኑ ሥራ ይሠራል። ጸሐፊዋ ያደረገችው በዚሁ ቁልፍ ላይ የራሷን ማክሮ ማሠር ነው፦ ዘርጋ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ባዶ ቦታ ተመለስ። «ተመለስ» የምትለዋ ትእዛዝ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ ሥራውን ከብልጠት ወደ ሙያ ያሻገረችው ግን እሷ ናት። ማክሮውን የሠራው ሰው ቀጥሎ እጁ የት መሆን እንዳለበት አስቦበታል ማለት ነው።

ምህጻሩን አመራረጧን ደግሞ ልብ በሉልኝ። «ክስ» ብትለው አጭር ነበር፤ ነገር ግን «ክስ» በየአረፍተ ነገሩ የሚገባ ቃል ስለሆነ ከማክሮው ጋር ሲጋጭ ይውላል። «ክብች» ግን በአማርኛ ቃል አይደለም፤ ሳይታሰብ ሊጻፍ አይችልም። ደግሞም ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። በኮምፒውተር አማርኛ ስንጽፍ ሳድስ በአንድ ምት ይወጣል፤ ሌሎቹ ሆሄያት ሁለት ምት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሦስት ፊደል ሦስት ምት ብቻ ሆነ። ለሞጣው ፍርድ ቤት፣ ለሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ማለት ነው፣ ያዘጋጀችው «ክምጥ» ይባላል። ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፎ ሞጣ ያለ ዘመድ ክስ ሲኖርበት ቢቸና ተጽፎ የሚላክበት ጊዜ አለና እሱም ያስፈልጋል። ለመከላከያ መልስ በ«ም» የሚጀምር፣ ለይግባኝ በ«ይ» የሚጀምር ምህጻር አላት። የመጀመሪያው ፊደል የጽሑፉን ዓይነት፣ የተቀሩት ሁለቱ ከተማውን ይናገራሉ። ከሷ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ዝርዝሩን ሳያይ በአንድ ጧት ይለምደዋል።

የሳድሱ ነገር ከፍጥነት ያለፈ ጥቅምም አለው። ከወርድ ውጭ በማንኛውም ፕሮግራም ላይ እንዲሠሩ የሚደረጉ ማክሮዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ ማሌት የተባለ ሰው ያወጣው አውቶሆትኪ ከእነሱ የታወቀው ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ምህጻሩን ካወቀ በኋላ የሚሰርዘው የምቱን ልክ ቆጥሮ ያን ያህል ባክስፔስ በመላክ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ምት አንድ ፊደል ስለሆነ ቆጠራው አይዛነፍም። በአማርኛ ግን «ከ» ሁለት ምት ሆና ሳለ ገጹ ላይ አንድ ፊደል ናት፤ ሁለት ባክስፔስ ሲላክ አንዱ ከፊቷ ያለውን ፊደል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ምህጻሩ በሙሉ ሳድስ ከሆነ ምቱና ፊደሉ እኩል ይሆናሉ፣ አደጋውም የለም። የቀድሞውን የአውቶሆትኪ እትም የሚጠቀም ሰው በተጨማሪ ፋይሉን ዩኒኮድ በሚይዝ ዓይነት ማስቀመጡን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ አማርኛው ሁሉ ወደማይነበብ ዝብርቅርቅ ይለወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ማክሮ ለአማርኛ አይሆንም ብሎ ይተወዋል። ለአማርኛ ይሆናል፤ የአማርኛን አጻጻፍ ከውስጥ የሚያውቅ ሠሪ ግን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ማክሮው ውስጥ እንግባ። ወርድ ውስጥ የማክሮ መቅጃውን ከፍቶ «ቢቸና» ብሎ ጽፎ መቅጃውን የዘጋ ሰው የተቀዳውን ትእዛዝ ሲያይ «ቢቸና» የሚል ቃል አያገኝም። የሚያገኘው 4706፣ 4728፣ 4755 የሚሉ ሦስት ቁጥሮችን ነው። የማክሮው መጻፊያ ሰሌዳ የተሠራው ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረው አስተሳሰብ ስለሆነ የኛን ፊደል ማሳየት አይችልም፤ አማርኛ ብትለጥፉበት የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ ይመዘግበዋል። «ሞጣ» 4638 እና 4899 ናት። መጀመሪያ ላይ ይህ አስቀያሚ ይመስላል። ቁጥሮቹን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ውብ ነገር ተደብቆባቸዋል።

4706ን ለ8 አካፍሉ፤ ቀሪው 2 ነው። 4728ን አካፍሉ፤ ቀሪ የለውም። 4755 ቀሪው 3 ነው። «ቢ» ሣልስ፣ «ቸ» ግዕዝ፣ «ና» ራብዕ። ግዕዙ ከዜሮ ጀምሮ ከተቆጠረ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ይሆናል፤ ቀሪው ቁጥር የሆሄው ተራ ነው። «ሞጣ»ም እንዲሁ ናት፦ 4638 ቀሪው 6፣ ሳብዕ፤ 4899 ቀሪው 3፣ ራብዕ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ መደበለት። ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄያት ናቸው፤ ስምንተኛው በብዙዎቹ ቤቶች እንደ «ሏ»ና «ሟ» ላሉት ነው። በአንዳንድ ቤት ቦታው ባዶ እስኪቀር ድረስ ሥርዓቱን ጠብቀዋል። በልጅነታችን በሰሌዳ ላይ «ሀ ሁ ሂ» እያልን የቆጠርነው ገበታ ተራው ሳይፋለስ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ድልድል ያዘጋጁት ሰዎች ፊደሉን እንደ ዝርዝር ሳይሆን እንደ ገበታ አዩት፤ ያ እይታ ዛሬ ቢቸና ላይ ያለች ጸሐፊን ሥራ ያቀልላል።

እንዴት እንደሚያቀልል ላሳያችሁ። አንድ ከሳሽ የነበረበት የክስ ገጽ ሁለት ወንድማማቾች አብረው ሲከሱበት «ከሳሽ» ሁሉ «ከሳሾች» መሆን አለበት፤ «ምስክር»ም «ምስክሮች»። ጸሐፊዋ ለዚህ ያላት ማክሮ ጥቂት መስመር ነው። ቃሉ ላይ ትቆማለች፣ ቁልፉን ትነካለች። ማክሮው የመጨረሻውን ፊደል ቁጥር ያነሣል፣ ለ8 ያካፍላል። ቀሪው 5 ከሆነ ፊደሉ ሳድስ ነውና 1 ይደምርበታል፤ ሳብዕ ይሆናል። ከዚያ «ች»ን ይጨምራል። «ሽ» 4669 ነበረች፤ 4670 «ሾ» ናት። «ር» 4653 ነበረች፤ 4654 «ሮ» ናት። ለሁሉም ቤት የሚሠራው ያው አንድ ስሌት ነው። ፊደላቱን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አላስፈለገም። ቀሪው 4 ከሆነ፣ እንደ «ገበሬ»፣ ፊደሉን ሳይነካ «ዎች»ን ይቀጥላል።

ራብዕ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። «አቤቱታ» «አቤቱታዎች» ይላል፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ከሚኖርባቸው ቃላት ሁለቱ፣ «ዳኛ»ና «ጠበቃ»፣ ደግሞ «ዳኞች»ና «ጠበቆች» ይሆናሉ። የቱ ቃል በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ከፊደሉ ቁጥር አይታወቅም። ሌላ ሰው ቢሆን የሚበዛውን መርጦ ያልፍ ነበር። የሷ ማክሮ ግን ቀሪው 3 ሲሆን ምንም አይለውጥም፤ ቃሉን ቢጫ ቀብቶ ይተወዋል። እሷ ታየዋለች፣ በእጇ ታስተካክላለች። «መምህር»ን «መምህራን» ማለትም እንዲሁ ለሰው የተተወ ነው፤ የግዕዙን የብዙ ቁጥር ለማክሮ ማስተማር አልሞከረችም፣ ልክ ናት። ባለማወቅ ከሚለውጥ መሣሪያ አላውቅም ብሎ የሚቆም መሣሪያ እጅግ ይበልጣል። ከግስ ጋር የሚስማማውንም፣ «አቀርባለሁ» ወደ «እናቀርባለን» የሚዞረውን፣ ዓይኗ ነው የሚጠብቀው።

ስለ ቁልፍና ፊደል ከተነሣ አይቀር፣ አማርኛ የምንጽፍበት ኪቦርድ ራሱ ማክሮ ነው። «ቢ»ን ለመጻፍ የእንግሊዝኛውን ቢ ቁልፍ ስንመታ መጀመሪያ «ብ» ትወጣለች፤ ቀጥለን የእንግሊዝኛውን አይ ቁልፍ ስንመታ ኮምፒውተሩ «ብ»ን ሰርዞ በቦታዋ «ቢ»ን ያስቀምጣል። ይህ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ደጋግሞ ይሆናል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ አናየውም። ግዕዝን በላቲን ቁልፎች የመጻፍ ሥርዓት ሴራ በሚባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መልክ ይዟል። ኪማን በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የአማርኛ ኪቦርድ ያዘጋጀው በዳንኤል ያዕቆብ የተመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። የኪማንን ደንብ አጻጻፍ ያየ ሰው ይደነቃል፦ የሳድሶቹ ረድፍ በአንድ መስመር ይቀመጣል፣ የሣልሶቹ ረድፍ በሌላ መስመር፤ ከዚያ አንድ ደንብ ብቻ፣ «ከመጀመሪያው ረድፍ ማንኛውም ፊደል ሲኖርና አይ ሲመታ፣ ከሁለተኛው ረድፍ በተመሳሳይ ተራ ያለውን ተካ»። አንድ መስመር ሠላሳ ምናምን ቤት ይዳኛል።

ከዚህ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን በጽሕፈት መኪና ላይ ሲያስገቡ የገጠማቸው ችግር ተመሳሳይ ነበር፤ ፊደሉ ከሁለት መቶ በላይ፣ የመኪናው ቁልፍ ግን ጥቂት ነው። እሳቸው ፊደሉን በቁራጭ ከፋፍለው፣ የእግርና የክንድ ቅጥያዎችን ለብቻ አድርገው ገጣጠሙት። የፊደሉ ቅርጽ በዚያ መገጣጠም ተጎድቷል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፣ በጥቂት ቁልፍ ብዙ ፊደል መጥራት። ኮምፒውተሩ መልኩን ሳያበላሽ ያንን ፈጸመው።

ነጥብን በተመለከተም የሚያስመሰግን ሥራ አላት። በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፉ ደብዳቤዎች ላይ አራት ነጥብ በሚገባበት ቦታ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ እናያለን። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታወቅ ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ መስመር ሲያልቅ አንደኛው ሁለት ነጥብ ከላይ ቀርቶ ሌላኛው ወደ ታች መስመር ይወርዳል፣ ሲፈለግም አይገኝም። እሷ ከማተሟ በፊት የምትነካው አንድ ቁልፍ አለ፤ ጥንድ ጥንድ የሆኑትን ሁሉ ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ ይመልሳል፣ ከነጥቡ በፊት የገባውን ክፍት ቦታም ያጠፋል። ባለጉዳዩ ይህን አያውቅም። ዳኛውም አያውቅ ይሆናል። ገጹ ግን ንጹሕ ነው።

ስምንም በዚያው ጥንቃቄ ትይዘዋለች። «ኃይሌ» ከላይ በኃው ኀ፣ ከታች በሃሌታው ሀ ሲጻፍ፣ «ፀሐይ» አንድ ቦታ በፀሐዩ ፀ ሌላ ቦታ በጸሎቱ ጸ ሲጻፍ፣ ክርክር ውስጥ «ይህ ሰው ያኛው ነው ወይ» የሚል ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ማክሮው የመጠየቂያ ሳጥን ከፍቶ ስሙን እንዲጠይቅ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ሳጥኑ ግን አማርኛ አይቀበልም። ስለዚህ ስሙ ገጹ ላይ አንድ ጊዜ በእጅ ይጻፋል፤ ከዚያ ማክሮው ከዚያች ቦታ ቀድቶ ማረጋገጫው ላይ፣ ፊርማው ላይ፣ የማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ያኖረዋል። አንድ ስም፣ አንድ አጻጻፍ። መሰናክሉ ራሱ የተሻለውን መንገድ አሳያት።

ቀኑን የሚጽፈው ማክሮ ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። ወርድ ቀን የሚያስገባበት ቁልፍ አለው፤ የሚያስገባው ግን የፈረንጁን ነው፣ በወረዳ ፍርድ ቤት ደግሞ አይሠራም። የኛን ለማግኘት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ብቻ አይበቃም። ይህ ማክሮ የሚሠራው ቀን በመቁጠር ነው። አራት ዓመት 1461 ቀን ነው፤ ከአንድ የታወቀ መስከረም 1 ጀምሮ ያለፉትን ቀናት በዚህ ቁጥር እያካፈለ ዓመቱን ያገኛል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ 2016 ዓ.ም. የገባውም በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን ሆኖ ነበር። ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ወሩና ዕለቱ በአንድ ስሌት ይመጣሉ፤ ከመስከረም 1 ወዲህ ያለፈውን ቀን ለ30 ማካፈል ነው። የተገኘው ላይ 1 ሲደመር የወሩ ተራ፣ የቀረው ላይ 1 ሲደመር ዕለቱ ይሆናል። ትርፏ ጳጉሜ በዚያው ስሌት ራሷ አሥራ ሦስተኛ ሆና ትወጣለች፤ ልዩ ደንብ አልተጻፈላትም። ፈረንጁ 28ን፣ 30ን፣ 31ን የሚለይ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል፤ የኛ ወራት ግን እኩል ስለሆኑ ለማስላት እጅግ ይመቻሉ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሰው ይህን ማክሮ ቢያነበው አንድም እንግዳ ነገር አያገኝበትም።

የምሥራቅ ጎጃም ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ከሩቅ የመጣ ነገር ሊመስለው አይገባም። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ስንት ዘመን ተማሪ ያስተማረ ደብር ነው። የዜማ ተማሪ ድጓውን ሲዘረጋ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈሩ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ያያል፤ ምልክት ይባላሉ። እነዚያ ፊደላት ከሌላ የታወቀ ቃል የተቆረጡ ናቸው፤ ያ ቃል የሚዜምበትን ሙሉ ሐረግ ያስታውሳሉ። ተማሪው ምልክቱን ሲያይ ዜማው በሙሉ ከአፉ ይወጣል። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ይህ ሥርዓት ከ«ክብች» ጋር በአሠራር አንድ ነው፦ ጥቂት ፊደል፣ ከኋላው የተከማቸ ረጅም ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ስምምነት። ልዩነቱ ማከማቻው ነው፤ ያኛው በመሪጌታው ጭንቅላት፣ ይኸኛው በኮምፒውተሩ ፋይል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት የዜማ ምልክቶችም እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል፤ ከነተወላጆቻቸው አሥር ሆነው። የድጓ ገጽ ዛሬ በኪቦርድ ሊጻፍ ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልናገር። ጸሐፊዋ ማክሮ ያልሠራችለት ክፍል አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣባት ጉዳይ የመሬት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ የሚል። የሕጉ ቁጥርና የሚጠየቀው ዳኝነት በምህጻር ይገባሉ። የበደሉ ታሪክ ግን አይገባም። ልትሠራለት ትችል ነበር፤ «ተከሳሽ ያለ አግባብ ድንበር ገፍተው» እያለ የሚቀጥል አንድ አንቀጽ አስቀምጦ ለሁሉም ማውጣት ከባድ አይደለም፤ ይህን የሚያደርጉም አሉ። ውጤቱ ሁሉም ክስ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ የአንዱ ገበሬ በደል ከሌላው አይለይም፣ ምስክር ሲመጣም ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። እሷ ታሪኩ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇን ከኪቦርዱ ታነሣለች።

«አባቴ፣ ድንበሩን የገፉት መቼ ነው?» ትላለች።

«ጤፉ ከታጨደ ወዲያ ነው፣ ልጄ። ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስመለስ ድንጋዩ ተነቅሎ አገኘሁት።»

«ድንጋዩ ሲነቀል ያየ ሰው አለ?»

ይጠየቃል፣ ይመለሳል፤ የተመለሰው ይጻፋል። ድንጋዩ፣ ጤፉ፣ ያየው ጎረቤት፣ ሁሉም ገጹ ላይ በስማቸው ይገባሉ። ራስጌና ግርጌው በሦስት ፊደል ስለገባላት ለዚህ የሚሆን ጊዜ አላት። የማክሮው ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ባለጉዳዩን ለመስማት ፋታ ሰጣት። ይህን ሥራ አይቼ የምሰጠው ፍርድ፣ ማክሮ አዋቂ የሚባለው የማይለዋወጠውን ከሚለዋወጠው ለይቶ የመጀመሪያውን ለመኪናው፣ ሁለተኛውን ለሰው የሚተው ነው። ብዙ ማክሮ መሥራት ማንም ይችላል። የቱ ላይ አለመሥራት እንዳለበት የሚያውቅ ግን ሙያውን የጨበጠ ነው።

የደኅንነቱም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በወርድ ማክሮ ተጭኖ ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ ዛሬም በፍላሽ የመጣ፣ ሠሪው ያልታወቀ ማክሮ መክፈት አይገባም። የራስን መሥራት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ የሠራኸውን ታውቀዋለህና።

በቢቸናም በሞጣም፣ በደብረ ወርቅም በመርጡለ ማርያምም የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፦ ከዚህ ሁሉ ምንም ባትሠሩ እንኳ አንድ ነገር አድርጉ። በየቀኑ የምትደጋግሙትን አንድ ገጽ ምረጡ፣ በጥንቃቄ አርሙት፣ ነጥቡን አስተካክሉ፣ ከዚያ በምህጻር አስቀምጡት። በወርድ ኦልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ መንካት ይበቃል። የምታስቀምጡት ነገር ያለ ስሕተት ይሁን፤ በማክሮ የገባ ስሕተት በሁሉም ሰው ጉዳይ ላይ ይደጋገማልና። ማክሮዎቹ የሚቀመጡበት ፋይል ኖርማል ይባላል፤ ምህጻሮቹ እንደ አቀማመጣቸው በዚያው ወይም ቢልዲንግ ብሎክስ በተባለው ፋይል ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የሁለቱንም ቅጂ በፍላሽ ያዙ፤ አንድ ቅጂም አብሯችሁ ለሚሠራው ልጅ ስጡት።